የውሻዎ ጉበት ታሟል የሚባለው በምን ታውቆ ነው?

የውሻ ዐይን ነጩ ክፍል፣ ድዱ ወይም የጆሮው ውስጠኛ ቆዳ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው «የወፍ በሽታ ያዘው፣ ጉበቱ ነው» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። ጥሩ የእንስሳት ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚያጣራው ጉበቱን ሳይሆን ደሙን ነው። ቢጫውን ቀለም የሚያመጣው ቢሊሩቢን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን የሚፈጠረውም ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ነው። ጉበት ቢሊሩቢኑን ከደም ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያስወጣዋል። ስለዚህ ቢጫነት ከሦስት ቦታ በአንዱ ሊጀምር ይችላል፤ ወይ ደሙ ጉበት ሊያስተናግደው ከሚችለው በላይ እየፈረሰ ነው፣ ወይ ጉበቱ ራሱ ታሟል፣ ወይ የሐሞት መውረጃው ተዘግቷል።

ይህን ለመለየት የሚያገለግለው የመጀመሪያ ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው። ጥቂት ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተወስዶ በማሽን ይሽከረከራል። ቀይ ሴሎቹ ከታች ሲከማቹ ከጠቅላላው ደም ስንት እጅ እንደሆኑ ይነበባል። ጤነኛ ውሻ ላይ ከ37 እስከ 55 በመቶ ገደማ ናቸው። ውሻው ቢጫ ሆኖ፣ ድዱም ገርጥቶ፣ ቁጥሩ 15 ከሆነ ችግሩ በመጀመሪያ ደረጃ የደም መፍረስ ነው። እኛ አገር መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዥያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ መጠርጠር አለበት፤ ቀይ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ያፈርሳቸዋል። ደሙን መስታወት ላይ በስሱ አድርጎ፣ በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ያየ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል።

ሌላው የደም መፍረስ ምክንያት ከወጥ ቤታችን የሚወጣ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ቢቁላላም ቢቀቀልም ጉዳቱ አይጠፋም። አንድ ውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ የሚታይ ለውጥ ይመጣል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ከ150 እስከ 300 ግራም መሆኑ ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው፣ በበዓል ማግስት የድስቱን ጥራጊ ለትንሽ ውሻ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከሦስት ከአራት ቀን በኋላ ቢጫ ሆኖ ሲያዩት ባለቤቶቹ ጉበቱ ይመስላቸዋል።

ይህ አንዱ ወገን ነው። በሌላው ወገን፣ ጉበታቸው የታመመ ብዙ ውሾች ጨርሶ ቢጫ አይሆኑም። ጉበት ሰፊ መጠባበቂያ ያለው፣ ሲጎዳም ራሱን የሚተካ አካል ነው። ሥራው በግልጽ የሚጓደለው ከአካሉ አብዛኛው ከተጎዳ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚታየው ለየትኛውም በሽታ የሚሆን ምልክት ነው፦ ምግብ መቀነስ፣ አልፎ አልፎ ማስመለስ፣ መክሳት፣ ድካም፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣትና አብዝቶ መሽናት። ውኃ መጠጣቱን ባለቤቶች ብዙ ጊዜ አያነሱትም፤ ሐኪሙ ሲጠይቅ ነው ትዝ የሚላቸው። በሽታው ሲገፋ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል። ጀርባው የከሳ፣ ሆዱ ግን የተነፋ ውሻ በደንብ መታየት አለበት። የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ ደግሞ ሽንቱ ጠቁሮ ሰገራው ይነጣል።

ከምልክቶቹ ሁሉ አሳሳቹ የጠባይ ለውጥ ነው። ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ ይፈጠራል፤ ጤነኛ ጉበት ይህንን ወደ ዩሪያ ለውጦ በኩላሊት እንዲወጣ ያደርገዋል። ጉበቱ ይህን ማድረግ ሲያቅተው አሞኒያው አንጎል ይደርሳል። ውሻው ይደነዝዛል፣ በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይቆማል፣ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። ሥጋ በደንብ ከበላ በኋላ ከባሰበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ያለውን ውሻ ሰፈርተኛው «አበደ» ይለዋል፤ ደግሞም በእብድ ውሻ በሽታ በሚታወቅ አገር ይህን ማለታቸው ስሕተት አይደለም። ጠባዩ የተለወጠ፣ ያልተከተበ ውሻ ሲገጥምዎ የጉበቱን ነገር ለኋላ ይተዉት። አይንኩት፤ ለብቻው ዘግተው ባለሙያ ይጥሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ከተጠረጠረ ጉበት የሚመረመረው ጥርጣሬው ከተወገደ በኋላ ነው።

ሐኪሙ መርፌ ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከላቦራቶሪው እኩል ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው የክትባት ነገር ነው። ስዊድናዊው ካርል ሩባርት እ.ኤ.አ. በ1947 በዝርዝር የገለጸው የውሾች ተላላፊ የጉበት ብግነት በአዴኖ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ያልተከተቡ ቡችላዎችን በጥቂት ቀን ሊገድል ይችላል። ከበሽታው ከሚድኑት አንዳንዶቹ ዐይናቸው ሰማያዊ ጉም ይለብሳል። የተለመደው የውሻ ጥምር ክትባት ይህንን ይከላከላል። ሌፕቶስፓይሮሲስ ግን ከዚህ ይለያል። በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት በተበከለ ውኃና ጭቃ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ሲሆን ጉበትንና ኩላሊትን አብሮ ይመታል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ውሻው በድንገት ታሞ ቢጫ ከሆነና የኩላሊቱም ምርመራ ከተዛባ ሽንቱን ያለ ጓንት መጥረግ አይገባም። ማረጋገጫው በበሽታው የመጀመሪያ ቀናት የባክቴሪያውን ዘረመል በደም ውስጥ፣ ቆየት ሲል በሽንት ውስጥ መፈለግ፣ ወይም በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ወስዶ የመከላከያ ኃይሉ መጨመሩን ማየት ነው።

ቀጥሎ መድኃኒት። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ካርፕሮፌን፣ አንዳንድ የሰልፋ መድኃኒቶች ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። ከሰው መድኃኒት መደርደሪያ የሚወሰደው ፓራሲታሞል የባሰ ነው፤ 5 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ እንኳ አደገኛ ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ስኳር ከሌለው ማስቲካ ተጠንቀቁ። ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ሰውን አይጎዳም፤ የውሻን የደም ስኳር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥል፣ መጠኑ ከበዛም ጉበቱን ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚመታ መርዝ ሲሆን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻና እንደገና በ2020 መጨረሻ በፋብሪካ የተመረተ የውሻ ምግብ ውስጥ ተገኝቶ በርካታ ውሾችን ገድሏል። መነሻው የሻገተ በቆሎ ነበር። አፍላቶክሲን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት በላሞች መኖና በወተት ውስጥ ተገኝቶ የኑግ ፋጉሎ በዋና ምንጭነት መጠቀሱን ብዙዎች ያስታውሳሉ። «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ይሁን» ተብሎ የሚቀመጥ የሻገተ ዳቦ፣ በቆሎና ለውዝ ከየትኛውም ሰፈር አይጠፋም። ውሻ ደግሞ ለዚህ መርዝ ከብዙ እንስሳት ይልቅ ስስ ነው።

አሁን ወደ ደም ምርመራው እንምጣ። ባለቤቶች በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንድ ሐኪሞችም አብረው ይሳሳታሉ። ወረቀቱ ላይ «የጉበት ምርመራ» ተብለው ከሚመጡት ቁጥሮች ዋነኞቹ ኤ.ኤል.ቲ.፣ ኤ.ኤስ.ቲ.፣ ኤ.ኤል.ፒ. እና ጂ.ጂ.ቲ. የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ኤ.ኤል.ቲ. በብዛት የሚገኘው በጉበት ሴል ውስጥ ሲሆን ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ኤ.ኤስ.ቲ. ጡንቻ ውስጥም ስላለ፣ ኤ.ኤል.ቲ. ሳይነካ እሱ ብቻውን ከፍ ካለ ጡንቻ ይጠረጠራል። እነዚህ ቁጥሮች ጉዳት መኖሩን ይናገራሉ። ጉበቱ ሥራውን እየሠራ ይሁን አይሁን፣ ጉዳቱንም ምን እንዳመጣው አይነግሩም። ጭስ ያየ ሰው እሳት መኖሩን ያውቃል፤ እንጀራ እየተጋገረ ይሁን ቤት እየተቃጠለ ግን ገብቶ ማየት አለበት።

ኤ.ኤል.ፒ. በተለይ ውሻ ላይ ጣጣ አለበት። የሚያድግ ቡችላ አጥንቱ ስለሚያመነጨው ጤነኛ ሆኖ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ የውሻ ጉበት ስቴሮይድ ሲያገኝ የሚያመርተው የራሱ ዓይነት ኤ.ኤል.ፒ. አለው። ለቆዳ ማሳከክ ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ የቆየ ውሻ፣ የአድሬናል ዕጢው ሆርሞን ከልክ በላይ የሚያመነጭበት ውሻ፣ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ውሻ፣ ሁሉም ኤ.ኤል.ፒ.ያቸው ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ጉበቱን የሚያጠፋ በሽታ ግን ላይኖር ይችላል። በዕድሜ የገፋ፣ ደህና የሚበላና የሚጫወት ውሻ ኤ.ኤል.ፒ.ው ብቻ ጨምሮ ተገኘ ተብሎ የጉበት መድኃኒት ሲጫንበት ማየት የተለመደ ነው፤ እኔ ቸኩሎ ማከም እለዋለሁ።

በተቃራኒው፣ ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ ያለቀ ውሻ ኢንዛይሙ መደበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሚፈስስ ሴል አልቆበታልና። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይረባም፤ የሚጠቅመው አካሄዱ ነው። የኤ.ኤል.ቲ. መጠን በውሻ ደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በሁለት ቀን ተኩል ገደማ ነው። አንድ ጊዜ መርዝ የበላ ውሻ ከሆነ በተከታታይ ምርመራ ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላም እዚያው ላይ ካለ ወይም ከጨመረ ግን ጉዳቱ አልቆመም ማለት ነው፤ ሥር የሰደደ የጉበት ብግነት ብዙ ጊዜ የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው፤ ያውም ውሻው ገና ምንም ሳይመስል።

ጉበቱ ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሱት ጉበት ራሱ የሚሠራቸው ነገሮች ናቸው። አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን፣ ዩሪያ፣ ኮሌስትሮል፣ የደም ስኳር፣ ደም የሚያረጉት ንጥረ ነገሮች በሙሉ በጉበት ላይ ይመካሉ። አንድ ላይ ሲወርዱ ጉበት እየደከመ ነው። በተናጠል ሲወርዱ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። አልቡሚን በኩላሊት ወይም በአንጀት በኩል ሊባክን ይችላል። ዩሪያ ደግሞ ሥጋ እምብዛም የማያገኝ፣ በእንጀራና በዳቦ የሚኖር ውሻ ላይ ዝቅ ማለቱ አይገርምም።

ከሥራ መለኪያዎቹ ይበልጥ የሚታመነው የሐሞት አሲድ ምርመራ ነው። ውሻው 12 ሰዓት ያህል ጾሞ ደም ይወሰዳል፣ ትንሽ ቅባት ያለው ምግብ ይበላል፣ ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ደም ይወሰዳል። ምግብ ሲገባ የሐሞት ከረጢት ሐሞቱን አንጀት ውስጥ ያፈስሳል፤ የሐሞት አሲዱ ከአንጀት ተመልሶ ሲመጣ ጤነኛ ጉበት ይለቅመዋል። ያልለቀመው ደም ውስጥ ይቀራል። ምርመራው በተለይ የሚጠቅመው ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበትን ዘልሎ በአቋራጭ የደም ሥር ሲያልፍ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ሲወለድ የሚመጣ ጉድለት ሲሆን ዮርክሻየር ቴሪየርና ማልቲዝ በመሰሉ ትንንሽ ዝርያዎች ላይ ይበዛል። ቡችላው አያድግም፣ ከማደንዘዣ ቶሎ አይነቃም፣ ሽንቱ ውስጥ አሞኒየም ዩሬት የሚባል ክሪስታል ይገኛል። ውሻው አስቀድሞ በጉበት ሕመም ቢጫ ከሆነ ግን የሐሞት አሲድ ማስመርመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል። የአሞኒያ ምርመራም አለ፤ ደሙ በበረዶ ተይዞ ወዲያው ካልተመረመረ ግን ውጤቱ አይታመንም።

ሽንት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የውሻ፣ በተለይ የወንድ ውሻ፣ ሽንት ወፍራም ሲሆን ትንሽ ቢሊሩቢን ቢገኝበት በሽታ አይደለም። ድመት ላይ ቢሆን ኖሮ ያሳስብ ነበር።

ኤክስሬይ የጉበትን መጠን ያሳያል፤ ማበጡን ወይም መኮማተሩን። አልትራሳውንድ ከዚያ ይሻላል፦ ዕጢ፣ የሐሞት ከረጢትና የመውረጃው መዘጋት፣ የተቋጠረ ውኃ፣ አንዳንዴም አቋራጩ የደም ሥር ይታይበታል። ነገር ግን አልትራሳውንዱ ላይ ያማረ ጉበት በብግነት እየተበላ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የሸመገሉ ውሾች ጉበት ላይ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌላቸው እባጮች ይበቅላሉ፤ በምስል ብቻ ካንሰር ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

በቀጭን መርፌ ሴል መውሰድ ቀላልና ርካሽ ነው፤ እንደ ሊምፎማ ያለ ካንሰርን ሊያሳይ ይችላል። ለብግነት ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት በመርፌ የተገኘውን ውጤት ከጉበት ቁራጭ ምርመራ ጋር ሲያነጻጽር በውሾች ላይ የተስማሙት በ30 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ምክንያቱም ብግነትን ለመለየት ሴሎቹ እንዴት እንደተደረደሩ፣ ጠባሳው የት እንዳለ መታየት አለበት፤ መርፌው ደግሞ ሴሎቹን በታትኖ ነው የሚያመጣቸው።

ስለዚህ ምክንያቱን የሚናገረው የጉበት ቁራጭ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ቢያንስ ከሁለት የጉበት ክፍሎች ቢያንስ አምስት ናሙና እንዲወሰድ ይመክራል፤ አብዛኛው ለማይክሮስኮፕ፣ አንዱ ለባክቴሪያ፣ አንዱ ለመዳብ መለኪያ። የታመመ ጉበት ደም የሚያረጋውን ንጥረ ነገር ስለሚያሳንስ፣ አስቀድሞ የደሙ መርጋት ካልተመረመረ ናሙናው ራሱ ሊገድል ይችላል።

መዳብ ለምን ይለካል? ቤድሊንግተን ቴሪየር በሚባለው የእንግሊዝ ዝርያ ላይ ጉበት መዳብን ማስወገድ የሚያቅተው በዘር የሚወረስ ጉድለት አለ፤ ተጠያቂው ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2002 ተለይቶ ታውቋል። ከዚያ ወዲህ ላብራዶርና ዶበርማንን ጨምሮ በሌሎችም ዝርያዎች የመዳብ ክምችት እንዳለ ታውቋል። በአንድ ኪሎ ደረቅ ጉበት ውስጥ እስከ 400 ሚሊግራም መዳብ መደበኛ ነው ይባላል፤ ከ1,000 ሲያልፍ ጉበቱን ራሱ መዳቡ እየጎዳው ሊሆን ይችላል። ይህን ምንም ዓይነት የደም ምርመራ አይለካውም። ሕክምናውን የሚለየውም ይኸው ነው፤ መዳብ ከሆነ ፔኒሲላሚን በሚባል መድኃኒትና መዳብ ባነሰበት ምግብ ይወጣል፣ የሰውነት መከላከያ ጉበቱን እያጠቃ ከሆነ ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል፣ ባክቴሪያ ከሆነ አንቲባዮቲክ። ባክቴሪያ ላለበት ውሻ በግምት ፕሬድኒሶሎን መስጠት እሳቱን ማባባስ ነው።

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ የተለመደ ግምት ላርም። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ ተቆርጦ ለውሻ ይጣላል። ይህ ከረጢት የውሻውን ጉበት አያሳምምም። ውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትል ሆኖ ያድጋል፤ ውሻው ደህና ነው፣ የጉበት ምርመራውም ንጹሕ ነው። ከሰገራው የሚወጣው እንቁላል ግን ሰው ሆድ ሲገባ ያንኑ ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያበቅላል። ያንን ጉበት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት፤ ውሻው ከበላም ፕራዚኳንቴል ያሰጡት።

ይህን ሁሉ ምርመራ የሚችል ኪስም፣ የሚሠራ ክሊኒክም በየቦታው የለም። ኪሱ ከጠበበ እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የቀይ ሴሎቹ መጠንና የደም በማይክሮስኮፕ መታየት፣ አብሮ ሽንት፤ ከዚያ ኤ.ኤል.ቲ.፣ ኤ.ኤል.ፒ.፣ አልቡሚን፣ ዩሪያ፣ ስኳርና ቢሊሩቢን በአንድ ጊዜ፤ ከዚያ አልትራሳውንድ። ውሻው ደህና ከሆነና ኤ.ኤል.ቲ.ው ብቻ ትንሽ ከጨመረ የሚጠረጠረውን መድኃኒት ወይም ምግብ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ማቆምና ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላ መድገም ይበቃል። ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ከደማ ወይም ግንባሩን ግድግዳ ላይ ካስደገፈ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም። ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ የሚበላውን ምግብ ከረጢት፣ የወሰደውን መድኃኒት ካርቶንና የክትባት ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። የቀድሞውን የምርመራ ወረቀትም አይጣሉ፤ አዲሱ ሐኪም ያለ እሱ ቁጥሩ እየወጣ ይሁን እየወረደ ሊያውቅ አይችልም።